ለመስታወት ሳጥን የታጩ መሮዎች

ሐሙስ፣ አባዬ በሞተ በስድስተኛው ቀን

የተከራየናቸው ወንበሮች ዛሬ ተመለሱ። ስድስት ቀን ሙሉ ሰው ሲቀመጥባቸው፣ አባዬን እንደ ወንድሙ ያውቀው እንደነበር ሲምልባቸው ከርመዋል። አንድ ሰውዬ፣ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው፣ «አባትሽ ብርቱ መሐንዲስ ነበሩ» አለኝ። አባዬ መሐንዲስ አልነበረም። ሆስፒታሉ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ክዳን ባላት ወርክሾፕ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እንጨት ይጠርባል፣ ቆዳ ይሰፋል፣ ከዚያ ተንበርክኮ ያለብሳል። ሰውዬው የጎረሰውን እስኪውጥ ጠብቄ አረምኩት። ማረም ሥራዬ ነው። ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው ስሕተት ስለቅም ነው የምውለው፤ ለቅሶ ቤት ስገባ ሙያዬን በር ላይ አውልቄ አልገባም።

ታላቅ ወንድሜ ኢንሹራንስ ይሸጣል። ሐዘኑንም እንደዚያው ነው የያዘው። በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ሲያቅፍ ደንበኛ የሚመዘግብ ይመስላል። አንዴም አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም፤ የኔ ግን ምክንያት አለው።

ምክንያቱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

እሁድ፣ በዘጠነኛው ቀን

የአባዬን ልብስ ለመለየት ሄድኩ። ቤቱን አብራው ትኖር የነበረችው አክስቴ ይዛዋለች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከወጥ ቤት ድምፅ ሰማሁ።

«ለእሷ እንዳትነግራት። ቃል ገብተሃል» ትላለች አክስቴ።

«እስከ መቼ ነው ግን?» ይላል ወንድሜ።

ገባሁ። ሁለቱም ወዲያው ስለ ሳሙና ማውራት ጀመሩ። ሳሙና! አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ስለ ሳሙና የሚያወራው ሲዋሽ ብቻ ነው። ነገሩ ገብቶኛል፤ ስለ ቤቱ ተማክረው ጨርሰዋል። ይውሰዱት። እኔ ከግድግዳ ጋር ጠብ የለኝም።

ከዚያ የጓሮውን ክፍል ከፈትኩ። ከሆስፒታሉ ከወጣ በኋላ ሰው እያመጣለት የሚጠግነው እዚያ ነበር። መሮዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ መላጊያው፣ ሞረዱ፣ ሞርሳው፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ወለሉ ላይ አዲስ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ የላገው ይሆናል ብዬ አንዱን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ።

አክስቴ ሻይ አመጣችልኝ፤ ብርጭቆው እስከ ግማሹ ብቻ ተቀድቷል። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብላ ልትሞላው ተመለሰች። እውነትም አባዬ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ከግማሽ በላይ እንዲቀዳለት አይፈልግም ነበር። «እርጅና ቆጣቢ አድርጎሃል» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ይስቃል። ሁልጊዜ ነው የሚስቀው፣ ያ ሰው።

ረቡዕ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን

ክራባቱ ጻፈልን!

ክራባቱ የምለው የሆስፒታሉን ዳይሬክተር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አባዬን «አዲስ ዓይነት እግር ሊመጣ ነው፣ የእንጨት ዘመን አልፏል» ብሎ ያሰናበተው እሱ ነው። አሁን ያሰናበተው ሰው ሲሞትለት ፍቅሩ ገነፈለ። አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ያለው ወርክሾፕ በአባዬ ስም ይሰየማል። መሮዎቹንና ሞረዶቹን እንድንሰጠው ይለምናል፤ መግቢያው ላይ መስታወት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ከቤተሰቡም አንድ ሰው ንግግር ያድርግ ይላል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። «ታላቅ» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ አለበት። ሁለት ቦታ ግሡ ከባለቤቱ ጋር አይስማማም። በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ወንድሜ በስልክ፣ «ደስ ይላል» አለ።

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

«ስሙ መነሣቱ። መሣሪያውን ግን አንሰጥም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማማን። ለምን እንደማይሰጥ አልጠየቅሁትም። ንግግሩን እኔ አደርጋለሁ አልኩት። «እባክሽ» አለ። እባክሽ አድርጊ ይሁን፣ እባክሽ ተይው፣ አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን

ምሳ ሰዓት። ችኮላ። ንግግሩ ሁለት ገጽ ሆኗል። «በዚህ አዳራሽ ውስጥ አባቴን በሕይወቱ ሳለ ያባረረና ሲሞት የጠራ ሰው አለ» ብሎ ይጀምራል። ጥሩ ነው። ሰዎቹ አንገታቸውን ሲያዞሩ ይታየኛል።

አለቃዬ ዛሬ አንድ የፊደል ስሕተት አሳልፈሻል አለኝ። አንድ! በዐሥራ አንድ ዓመት።

እሁድ፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን

አክስቴ ጋ እያለሁ በር ተንኳኳ። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት፤ በክራንች ተደግፋ፣ በሌላ እጇ ጆንያ ይዛለች። ጆንያው ውስጥ እግሯ አለ። ከጉልበት በታች የሚገባው የእንጨቱ ማቀፊያ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ሁለቱ የሉም?» አለች።

«የትኞቹ ሁለቱ? አባቴ አርፏል» አልኳት።

«እሱንማ ቀብሬዋለሁ እኮ ልጄ። ለመሆኑ...» ብላ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ሆስፒታል ሂጂ አልኳት። ሄዳለች፤ አዲሱ እግር እስኪመጣ ሦስት ወር ጠብቂ ብለዋታል። ሦስት ወር በክራንች ሽንኩርት እንዴት ይሸጣል? አንድ እጅ ለክራንች፣ አንድ እጅ ለሚዛን፣ ሌባውን በምን ትይዘዋለች? እንዲህ ብላ ራሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እዚህ ቤት አሁን እግር የሚጠግን ሰው የለም አልኳት፣ በማያሻማ አማርኛ። እንደ በሰበሰ ሽንኩርት አገላብጣ አየችኝና ጆንያውን እዚያው ትታ ሄደች።

ሰኞ፣ በሃያ አራተኛው ቀን

ከሥራ አስፈቅጄ ክራባቱ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ቀጠሮ አለዎት?» አለችኝ። «አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀጠሮ ነበረው» ብያት ገባሁ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ እሷን ግን አፏን አስይዟታል።

ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ። ክራባቱ ዛሬ ሰማያዊ ነው። «ይቀመጡ» ቢለኝ አልቀመጥ አልኩ። ስለ ሽንኩርት ሻጯ ነገርኩት። ለእግር ሰው የሚያሠልፍ ሆስፒታል እግር ሠሪ አባርሮ ስሙን በር ላይ መስቀሉ ያስቃል አልኩት። መሮዎቹን በሕልሙም እንደማያገኛቸው ነገርኩት። ሳልጨርስ ውኃ ቀዳልኝ።

«አባትዎ ስለ እርስዎ ብዙ ያጫውቱኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ስለ እርስዎ ግን ለኔ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጥፋተኛ ምን ይላል?

ድል አድርጌ ወጣሁ። የመውጫውን በር ስቼ ግን ምድር ቤት ድረስ ወረድኩ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

ሰኞ፣ በሠላሳ አንደኛው ቀን

ያላለቀስኩበትን ምክንያት ልጻፈው፤ አለበለዚያ ይህ ደብተር የሌላ ሰው ይመስላል።

ያን ጊዜ ሲያሰናብቱት ክሰስ አልኩት። አልከስም አለ። እኔ ልጻፍልህ አልኩት፤ ተይው አለ። ለክራባቱ በራሴ ስም አራት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ይህንኑ እያነሣሁ ነው የምመለሰው። እሱ ርዕስ ይለውጣል። ስለ አንገት ሕመሜ ይጠይቀኛል፤ ጎንበስ ብለሽ ስለምታነቢ ነው፣ መጽሐፉን ከፍ አድርጊው ይለኛል።

ከመሞቱ ስምንት ወር ቀደም ብሎ የሆስፒታሉ መጽሔት ለኅትመት እኛ ጋ መጣ። አራተኛው ገጽ ላይ የአዲሱ ሕንፃ መሠረት ሲጣል የተነሣ ፎቶ አለ። አባዬ ከክራባቱ ጎን ቆሟል። ፈገግ ብሏል። ቀኝ እጁን ኪሱ ከቷል፤ ሌሎቹ ሁሉ አካፋ ይዘዋል። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ማረም ነበረብኝ። አረምኩት። ከዚያ በቀጥታ ቤቱ ሄድኩ።

ያልኩት ይህን ነው፦ «ፈሪ ነህ። ያባረረህ ሰው ጎን ቆመህ ትስቃለህ። እኔ ባንተ አፍራለሁ።»

እሱ፣ «ምሳ በላሽ?» አለኝ።

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ስምንት ወር አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሥራ ላይ ነኝ አልኩት። ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራ ላይ መሆን ወንጀል ነው?

ሐሙስ፣ በሠላሳ አራተኛው ቀን

ንግግሩን አሳጠርኩት። የበለጠ ይቆርጣል።

እሁድ፣ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን

ሳልነግራቸው ሄድኩ። አክስቴ በሩን ከፍታ «ዛሬ?» አለች፣ ሰው ዘመድ ቤት ለመምጣት ፈቃድ የሚያወጣ ይመስል። ከጓሮ የሞረድ ድምፅ ይሰማል። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ እሱ መሰለኝ።

ወንድሜ ነው። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ የአባዬን ሽርጥ ታጥቆ፣ ፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ ተበትኖበት ሞርሳ ላይ የታሰረ እንጨት ይሞርዳል። ሽንኩርት ሻጯ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትመለከተዋለች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምን እመስልሻለሁ?»

«የኢንሹራንስ ሰው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «የተሰነጠቀችዋን እኮ የሠራት እሱ ነው፣ ልጄ» አለች። «ጋሼ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ያዘዋል፤ እሱ ይቆርጣል። ከዚህ ንካ፣ ከዚያ ተው፣ ቀስ በል አንተ ከብት፣ እያለ። እሁድ እሁድ ነበር ሥራቸው።»

«ከብት ያለኝ አንዴ ነው» አለ ወንድሜ።

«አባዬ ለምን ራሱ አይቆርጥም?» አልኩ። ሴትዮዋ የክራንቿን ጫፍ ትነካካ ጀመር። ያኔ ገባኝ፤ ግን ሰው እስኪነግረኝ አልገባኝም ብዬ ቆምኩ።

ወንድሜ ተከትላኝ የመጣችውን አክስቴን አያት። አክስቴ ሽሮዋ እንዳረረባት ሰው፣ «በቃ፣ ንገራት» ብላ ወደ ቤት ገባች። የነገረችኝ ግን ሴትዮዋ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አባዬ ሆስፒታል ውስጥ አዲስ እግር ሠርቶ አለበሳት። ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። አባዬ ተንበርክኮ እግሩን ሲመረምር ማቀፊያው ተንጋዶ ተቆርጧል። እጁን አየው። ይንቀጠቀጣል። ከወራት በፊት ጀምሮት ኖሯል፤ ደብቆታል።

«እጄ ከዳኝ፣ እታለም፣ አለኝ» አለች። «ያኔውኑ ተነሥቶ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ። እኔ ገና ወለሉ ላይ ነበርኩ።»

«ዳይሬክተሩ ነው ያባረረው።»

«ማን አባረረው? ራሱ ነው ሌላ ሰው ሳልጥል አስወጡኝ ያለው።»

ወንድሜን፣ «አንተ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ስድስት ዓመት።»

«ዝም አልከኝ?»

ሞረዱን አስቀመጠ። ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰውዬ በቀስታ ተናገረ። «አስማለኝ። ደግሞ አንቺ መቼ ትጠይቂያለሽ? አንቺ እኮ ፈርደሽ ነው የምትመጪው።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ነው ይህን የምጽፈው፤ መስመሩ የተንጋደደው መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ ነው።

ረቡዕ፣ በአርባኛው ቀን

እንደገና ክራባቱ ቢሮ። ጸሐፊዋ አሁን ምንም ሳትለኝ በሩን ከፈተችልኝ፤ ይኸ ነው እንግዲህ ዝናዬ።

«እውነት ነው?» አልኩት።

ማን እንደነገረኝ አልጠየቀም። «እውነት ነው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። ልጄ ከመጣችብህ አባረርኩት በላት አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ ካወቀች ታዝንልኛለች፤ እሷ ስታዝን ማየት አልችልም። ስትናደድ ግን ጎበዝ ናት፤ አንተን ትሳደብ፣ አሉ።»

«እርስዎም እሺ አሉ?»

«ሌላ ነገር ለምነውኝ አያውቁም።»

መሳቢያውን ከፈተ። አራቱ ደብዳቤዎቼ አንድ ላይ ታስረዋል። በአንደኛው «ኅሊና ቢስ» ብየዋለሁ፣ በሦስተኛው «ባለ ክራባት ግዑዝ»። «ስድባቸው ከባድ ነው» አለ፤ «አማርኛቸው ግን እንከን የለውም። አባትዎ ሲመጡ አነብላቸው ነበር። ይኮሩብዎት ነበር።»

ያነብለት ነበር። ሁለቱ እዚህ ቁጭ ብለው የኔን ንዴት ያነቡ ነበር፤ አንዱ የሚሰደብ፣ አንዱ የሚኮራ። ስድስት ዓመት እውነት የያዝኩ እየመሰለኝ፣ አባቴ በልኬ የሠራልኝን ጠላት ለብሼ ስዞር ኖርኩ። እንከን የለውም ይላል! አንድ ሰው ሻይ ለምን በግማሽ ብርጭቆ እንደሚጠጣ፣ እጁን ለምን ኪሱ እንደሚከት ሳታይ የቀረች አራሚ! ከሥራ ሊያባርሩኝ ይገባል።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የወጣው፣ «ደብዳቤዎ ላይ ታላቅ የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ አለ» የሚል ነው።

የደብዳቤውን ግልባጭ አውጥቶ እስክሪብቶ አቀበለኝ። «እንግዲያ ያስተካክሉልኛ።»

ስድስቱን ሰረዝኩ። መሮዎቹንም አንሰጥዎትም፣ ሥራ ላይ ናቸው አልኩት። አቀርቅሮ ራሱን ነቀነቀ። ወጣሁ። ይቅርታው አሁንም አፌ ውስጥ አለ።

እሁድ፣ በአርባ አራተኛው ቀን

ወንድሜ አዲሱን ማቀፊያ ሁለት ጊዜ አበላሽቷል። «እሱ ያያል፣ እኔ እቆርጣለሁ፤ ብቻዬን ዕውር ነኝ» ብሎ መሮውን ወረወረ። በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ልሄድ ስል፣ «ተንጋዷል» አልኩት።

«የቱ ጋ?»

«ከውስጥ በኩል። ከላይ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይወፍራል።»

ዳበሰው። «አይወፍርም።» እንደገና ዳበሰው። ሰደበኝና መሮውን አነሣ። እስከ ቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እኔ እያየሁ፣ እሱ እየቆረጠ፣ ሁለታችንም እየተሳደብን ዋልን። ትዕዛዝ መቀበል አይችልም። እንዴት ስድስት ዓመት ቻለው፣ አባዬ?

ቅዳሜ፣ በሃምሳኛው ቀን

ምረቃው። አዳራሹ የማይክራፎን ጩኸትና የአዲስ ቀለም ሽታ ብቻ ነው። የመስታወቱ ሳጥን ውስጥ መሮ ስላጡ ያንን ፎቶ አስገብተውበታል። አንድ ባለሥልጣን አባዬን አግኝቶት እንደማያውቅ በሚያስታውቅ ሁኔታ ሃያ ደቂቃ አወደሰው። የፊት ረድፍ ላይ ሱፍ የለበሱ ሰዎች፤ ከኋላ አባዬ እግር የሠራላቸው ሰዎች። ፊትና ኋላውን የደለደለውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

የጻፍኩትን ቤት ትቼዋለሁ። ስሜ ሲጠራ ወጥቼ ይህን አልኩ፦ «አባቴን ፈሪ ብዬው ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አላየሁትም፣ ሞተ። ተሳስቼ ነበር። ለእሱ መናገር ስለማልችል ለእናንተ ነገርኳችሁ። ዳይሬክተሩንም ብዙ በድያቸዋለሁ፤ እሳቸው ያውቁታል። አመሰግናለሁ።»

ስለ እጁ አልተነፈስኩም። እሱ የደበቀውን እኔ ማይክራፎን ላይ አላወጣውም።

ይጨብጨብ አይጨብጨብ ማንም አላወቀም። ወንድሜ ግን ብቻውን፣ እንደ ሁልጊዜው ከልክ በላይ፣ ማጨብጨብ ጀመረ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ክራባቱ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል።

እሁድ፣ በሃምሳ አንደኛው ቀን

እግሩ አለቀ። ወንድሜ ተንበርክኮ አለበሳት፤ ቆዳውን አጠበቀ፣ ቡሎኑን አሰረ። «ቆሚ» አላት። ቆመች። እኔ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ከታች አየሁ፤ ቀጥ ብሏል። እንደዚያ ተጋድሜ ማንም ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

«ትንሽ ይይዘኛል» አለች ሽንኩርት ሻጯ፣ ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞራ። «የጋሼ ቢሆን አይዘኝም ነበር።»

ምስጋና ቢስ! ስንት እሁድ ሙሉ ቆስለንላት! ወንድሜም ፊቱ ጠቆረ። ይሰፋ እንደሆነ እንድናይ በሳምንት ተመልሰሽ ነዪ፣ ዛሬ ግን ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ኮላው ገና በደንብ አልደረቀም አላት። ክራንቿን በብብቷ ስር ሻጥ አድርጋ ወጣች። እስከ መንገዱ ሸኘናት።

ወደ ገበያ የሚሄደው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሟል። በሩ ሊዘጋ ነው። ሴትዮዋ አየችው። እኛን አላየችንም፣ ደህና ዋሉ አላለችም፤ ቀሚሷን ሰበሰበችና ሮጠች።

«አትሩጪ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ፣ «ኮላው! አንቺ ሴት፣ ኮላው!»

እሷ ግን እያነከሰች፣ ክራንቿን እንደ ጃንጥላ እያወዛወዘች፣ እንጨቱ አስፋልቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገው ሮጠች፤ ሾፌሩን በስድብ አስቁማ ገባች። አውቶቡሱ ሄደ።

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ መቼ እንደተለወጠ ሳላውቀው መንገድ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ ማልቀስ ሆነ። ወንድሜ ምን እንደማደርግ አየና ፊቱን አዙሮ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ የሄደውን አውቶቡስ መመልከት ቀጠለ። እስክጨርስ ድረስ ሌላ የሚመጣ እንዳለ ሁሉ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ።